የሐሙስ ጾም

አዴ ረዲያ ድስቷን ይዛ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የምትደርሰው ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሲጀመር ነበር። ከክፍላችን መስኮት እናያታለን። ድስቷን ታወርድና ወገቧን በሁለት እጇ ደግፋ ትንሽ ትቆማለች። ከዚያ ባሕር ዛፉ ሥር ማዳበሪያዋን ታነጥፋለች፤ መጀመሪያ በአንድ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ በሌላው ዝቅ ብላ ትቀመጣለች። አንዴ ከተቀመጠች እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ አትነሳም። ሰው ከሩቅ ሰላም ሲላት እንኳ እጇን ከጭኗ ሳታነሳ በአገጯ ነበር የምትመልሰው።

በ1975 ዓ.ም. አሰበ ተፈሪ ውስጥ ነው፤ ከገጠር የሚመጡት ጭሮ የሚሏት ከተማችን። እኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ጫት ወደ ድሬዳዋ የሚልክ ነጋዴ ስለነበር በእረፍት ሰዓት የምበላው አዴ ረዲያ ጋ አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ አጸደ ሻይ ቤት ነበር። ስለ አዴ ረዲያ ከምናገረው ግማሹን ያየሁት እዚያ ማዶ ቁጭ ብዬ ነው። ግማሹን ካደግሁ በኋላ ራሷ ነገረችኝ። «አንቺ» ብዬ የምጠራት ደግሞ ንቄያት አይደለም፤ አዴ እናት እንደ ማለት ነው፣ በእኛ አገር አዴን አንቱ የሚል የለም።

የአጸደ ቤተሰቦች ከጉራጌ አገር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ናቸው። ሻይ ቤቱን የያዘችው እሷ ነበረች። ዱቄት ከክንዷ የማይጠፋ፣ ብዙ የማታወራ ሴት ናት። በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቦምቦሊኖና ፓስቲ ትደረድራለች፤ በወተት የተፈላ ሻይም ነበራት። የነጋዴው ልጅ፣ የሾፌሩ ልጅ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ልጅ ደወል ሲደወል መንገዱን በሩጫ ተሻግረን አግዳሚ ወንበሮቿን እንሞላለን።

ባሕር ዛፉ ሥር የሚቀሩት ከቦኬና ከመሰላ፣ ከዚያም ወዲያ ካሉ ቀበሌዎች መጥተው አንድ ክፍል ቤት ለአራት ለአምስት ተከራይተው የሚማሩት ነበሩ። አዴ ረዲያ በቆሎና ባቄላ ቀላቅላ የቀቀለችውን ንፍሮ፣ እኛ ሹሞ የምንለውን፣ በቲማቲም ጣሳ እየሰፈረች ትሸጥላቸዋለች። የተቀቀለ ስኳር ድንችም ነበራት። በጀበናዋ የያዘችው ቡና አልነበረም፤ የቡና ቅጠል በጨው የተፈላበት ቁቲ ነበር።

የተወለደችው ሂርና አጠገብ ነው። ባሏ አብዱልቃዲር ጫት መኪና ላይ የሚጭን ጉልበተኛ ሰው ነበር። በ1969 ሚሊሺያ ተብሎ ሄደ፤ አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። ልጅ አልወለዱም። ሞቷል ብሎ የነገራት ስለሌለ ሐዘን አልተቀመጠችም፤ ይመለሳል ያላትም የለም። መጀመሪያ መናኸሪያ አጠገብ ከነጋዴ የተረፈውን ጫት፣ ገራባ የሚባለውን፣ ትሸጥ ነበር። አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መሮጥ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው ወደ ትምህርት ቤቱ በር የመጣችው።

እዚያ በር ላይ ዓመታት ስትቀመጥ አንድ ነገር አስተዋለች። ሰኞ የገጠር ልጆች አይገዟትም፤ እሑድ ማታ ከቤት ያመጡት ስንቅ አለ። ማክሰኞና ሮብ ጥቂት ጥቂት ይገዛሉ። ሐሙስ ድስቱ አጠገብ መጥተው ይቆማሉ፣ ያወራሉ፣ ግን አይገዙም። ዓርብ ብዙዎቹ ጭራሽ ከግቢ አይወጡም። መጀመሪያ ላይ ይህን የገበያ ጠባይ ነው ብላ ተወችው።

ከሐሙስ ልጆች አንዷ ዙለይኻ ነበረች። ከእኔ ሁለት ወንበር ፊት ትቀመጥ ነበር። ከመሰላ የመጣች፣ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ሒሳብ ላይ ማንም የማይደርስባት ልጅ። ከመንደሯ እዚህ ክፍል የደረሰች ብቸኛዋ ሴት እሷ ነበረች። አንድ ሐሙስ መጥታ ድስቱ አጠገብ ቆመች።

«ኮቱ፣ ነዪ ልጄ» አለቻት አዴ ረዲያ። «ትኩስ ነው ዛሬ።»

«ጾም ነኝ አዴ። ሐሙስ ሱና ነው።»

«ማሻአላህ! አላህ ይቀበልሽ።»

አዴ ረዲያ ደስ አላት። በሚቀጥለው ሐሙስም ዙለይኻ ጾም ነበረች። ሌሎቹም ሱና ነው ይሏት ጀመር፤ ስምንት ሆኑ፣ አሥር ሆኑ። ማታ ለጎረቤቶቿ «ዘንድሮ የመጡት ልጆች ዲናቸውን የያዙ ናቸው» ብላ አወራች። ከቦኬ የመጣ አንድ ክርስቲያን ተማሪም ዓርብ ቀን «ጾም ነው» ሲላት ግን ግራ ገባት። ዕድሜዋን ከክርስቲያን ጋር ጎረቤት ሆና ኖራለች።

«የናንተ ዓርብ ሥጋና ወተት አይደል እንዴ የሚከለክለው? ሹሞ ምን በደለ?»

ልጁ ሳቀ፤ ከዚያ ፊቱን አዞረና ሄደ።

ያን ዕለት ከተቀመጠችበት ሆና በበሩ ፍርግርግ ወደ ግቢው አየች። ዙለይኻ ቧንቧው ላይ ጎንበስ ብላለች። ትጠጣለች፣ ቀና ብላ ትተነፍሳለች፣ ደግሞ ትጠጣለች። የትናንቷ ጿሚ ብቻ ሳትሆን ከኋላዋም ተራ የያዙ አሉ። ሁሉም ገጠሬዎች ናቸው። አዴ ረዲያ ኋላ ስትነግረኝ «አፈርኩ» አለችኝ። «ማሻአላህ እያልኩ ስቀመጥ፣ ለካ የምመርቀው ረሃብን ነበር።»

በሚቀጥለው ሐሙስ ሹሞ በወረቀት ጠቅልላ ለዙለይኻ ዘረጋችላት። ልጅቷ እጇን ወደ ኋላ አደረገች።

«የመጣሁት ልማር ነው አዴ። ልመና አልመጣሁም።»

አዴ ረዲያ ወረቀቱን መልሳ ድስቱ ላይ አስቀመጠች። ልትከራከራት አሰበች፤ ግን አቅሙ አልነበራትም።

የሒሳብ አስተማሪያችን ጋሽ ዋለልኝ ይባላል። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ለእናቱ ከደሞዙ እየላከ የሚኖር ወጣት ነበር። ሌሎቹ አስተማሪዎች አጸደ ጋ ሲገቡ እሱ አዴ ረዲያ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ስኳር ድንች በቁቲ ይበላ ነበር። አዴን አንቱ የሚል ሰው ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

«የገጠር ልጆች ነገር ግራ አጋባኝ» አላት አንድ ቀን። «ሰኞ ከእነሱ የሚቀድም የለም። ዓርብ ፈተና ስሰጣቸው ግን ቁጥር የሚባል ነገር አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። ቅዳሜ አገራችን እንገባለን እያሉ ልባቸው እየሸፈተ ነው መሰለኝ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

«ልባቸው አይደለም» አለችው። «ሆዳቸው ነው።»

«እንዴት?»

«አንተ አስተማሪ ነህ፣ ቁጠራ ታውቃለህ። እሑድ ማታ ስንቅ ይመጣል። የማሽላ ቂጣ ነው። ሰኞ ይበላሉ። ማክሰኞ ይበላሉ። ሮብ ይሻግታል፤ ሻጋታውን ፍቀው ይበላሉ። ሐሙስ ምን አለ? ምንም የለም። አንተ ደግሞ ዓርብ ትፈትናቸዋለህ።»

ጋሽ ዋለልኝ የያዘውን ስኳር ድንች ወደ አፉ አላደረሰውም። «ሁሉም?» አላት።

«የቦኬዎቹ ደግሞ በየሳምንቱም አይሄዱም፤ ሩቅ ነው። የእነሱን ተወው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ሳይታሰብ ፈተና ሰጠን። እኛ የከተማዎቹ ተንጫጫን፤ የፈተና ቀን ዓርብ ነው አልን። እሱ ወረቀቱን ማደል ቀጠለ። ዙለይኻ ከሁሉም ቀድማ ጨርሳ እርሳሷን አስቀመጠች። ውጤቱ ሲነበብ ከመጀመሪያዎቹ አምስት አራቱ ገጠሬዎች ነበሩ። ከክፍሉ ሦስተኛ የነበርኩት እኔ ዘጠነኛ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር አልወደድኩትም። ሦስተኛ የምወጣው እነሱ ዓርብ ስለማይችሉ እንጂ እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አልነበረም ማለት ነው።

ጋሽ ዋለልኝ የማክሰኞውንና የዓርቡን ውጤት አንድ ላይ ይዞ ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባ። ዳይሬክተሩ ጓድ ኃይለገብርኤል ከአንዱ ስብሰባ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዓይናቸው ሥር ያበጠ ትልቅ ሰው ነበሩ። የፈተናው ፕሮግራም ከላይ የጸደቀ ነው አሉት። ሴትዮዋን ይስሟት ብሎ ለመናቸው። አዴ ረዲያ ተጠራች።

ወንበር አሳዩዋት፤ አልቀመጥም አለች። ቆማ በሩን ተደገፈች።

«ጌታዬ፣ ልጆቹ…»

«ጌታዬ አይባልም። ጓድ ነው የሚባለው።»

«እሺ ጓድ ጌታዬ። ልጆቹ ሐሙስና ዓርብ አይበሉም። ጾም ነን ይላሉ፤ ውሸት ነው፣ አፍረው ነው። ፈተናውን ወደ ማክሰኞ አምጣላቸው።»

«እናቴ፣ ተማሪ የሚፈተነው ባጠናው ነው።»

«ያልበላ ያጠናውን ይረሳል። እኔ ሳልበላ የዋልኩ ለት የቤቴን ቁልፍ የት እንዳደረግሁ አላውቅም።»

ጓድ ኃይለገብርኤል ወረቀቶቹን ደጋግመው አዩ። ጨካኝ ሰው አልነበሩም። በመጨረሻ የጋሽ ዋለልኝ ሒሳብ ማክሰኞ ይሁን አሉ፤ ሌላው ትምህርት ግን እንዳለ ይቀጥላል። አዴ ረዲያ ልትወጣ ስትል መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ደብዳቤ አወጡ።

«ሳትመጪ በፊት የደረሰ ነው» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ተቅማጥ ገብቷል ተብሎ ይፈራል። ትምህርት ቤት በር ላይ ክፍት ምግብ መሸጥ ከሰኞ ጀምሮ ተከልክሏል።»

«የአጸደስ?»

«እሷ ፈቃድ አላት። የሷ ምግብ መስታወት ውስጥ ነው።»

«ልጆቹማ በመስታወቱ ያዩታል እንጂ አይበሉትም፣ ጓድ ጌታዬ።»

ደብዳቤውን መልሰው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት። ጋሽ ዋለልኝ እስከ በሩ ድረስ ሸኛት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት፤ እሷ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባትም።

ሰኞ የቀበሌ ጥበቃዎች መጡ። አልጮሁባትም፤ ድስቱንም አልደፉባት። አንደኛው እንዲያውም ክንዷን ይዞ አስነሳት። ማዳበሪያዋን አጣጥፋ ሄደች። ሁለት ሳምንት ቤቷ ተቀመጠች። ጎረቤቶቿ ወደ መናኸሪያ ተመለሺ ቢሏትም ጉልበቷን እያሸች እምቢ አለች።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት በእረፍት ሰዓት የገጠር ልጆች የአጸደ ሻይ ቤት መስኮት አጠገብ መቆም ጀመሩ። ሌላ የሚቆሙበት ስላልነበራቸው ነው። አይለምኑም፤ ወደ ውስጥም ትኩር ብለው አያዩም። ግድግዳውን ተደግፈው ያወራሉ፣ አንዳንዴ አንዱ ዞር ይላል። እኛ ጀርባችንን ለመስኮቱ ሰጥተን መቀመጥ ለመድን። ጀርባዋን ልትሰጥ ያልቻለችው አጸደ ነበረች፤ ምድጃዋ ወደ መስኮቱ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጸደ መጎናጸፊያዋን ለብሳ አዴ ረዲያ ቤት ሄደች። ሁለቱ ሴቶች ዓመታት ሙሉ መንገድ ለይቷቸው ፊት ለፊት ሲሠሩ ከእግዜር ሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

«ጓሮዬ ባዶ ነው» አለቻት አጸደ። «ምድጃም አለ። ሹሞሽን እዚያ ቀቅዪና ሽጪ። በቅያሱ በኩል መግቢያ አለው፤ ከመንገድ አይታይም።»

«ላንቺስ ምን ይረባሻል?»

«እኔ ቤት የማይገባ ልጅ አንቺ ጋ ቢበላ ምን ይጎድልብኛል?» አለች። መልሱ ራሷንም አላጠገባት መሰለኝ፣ «መስኮቴ ላይ ይቆማሉ» አለች። «እያዩኝ መጥበስ አቃተኝ።»

አዴ ረዲያ በማግስቱ ድስቷን ይዛ ጓሮ ገባች።

የጓሮው በር በጠባብ ቅያስ ነው። ከሻይ ቤቱ የሚደፋው እጣቢ ውሃ እዚያ ተኝቶ ጥቁር ሆኗል፤ ለመግባት ዘሎ መሻገር ያስፈልጋል። ልጆቹ እየዘለሉ ገቡ። አጸደ ከሰዓት ያደረ ዳቦ ሲተርፋት አምጥታ ድስቱ አጠገብ ታስቀምጥና ምንም ሳትናገር ትመለሳለች። አዴ ረዲያ ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ጣሳውን አትቆጥርም ነበር፤ ያለው ይከፍላል፣ የሌለው ይበላል።

ዙለይኻ ግን አልመጣችም። አንድ ሐሙስ ብቻ እስከ ቅያሱ አፍ ደረሰች። እኔ እጄን ልታጠብ ወደ ኋላ ወጥቼ ስለነበር አየኋት። የተነከሰ ቦምቦሊኖ በእጄ ይዣለሁ። መጀመሪያ እጣቢውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። ተመለሰች።

አዴ ረዲያ ድስቷን ትታ፣ ግድግዳውን እየያዘች ተከተለቻት። ቅያሱ አፍ ላይ ደረሰችባት።

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። እነሱ በፊት በር እየገቡ እኔ እጣቢ ዘልዬ አልገባም።»

«እኔስ በየቀኑ በሱ አይደል የምገባው?» አለች አዴ ረዲያ። በቁጣ አልነበረም። ደክሟት፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው የተናገረችው። «ይኸን ጉልበት ይዤ፣ ድስት ተሸክሜ እዘላለሁ። አንቺ ወጣት ነሽ።»

ዙለይኻ የአዴ ረዲያን ጉልበት አየች። ከዚያ «ላንቺ ብዬ ነው» አለችና ክንዷን ይዛ አብራት ተመለሰች። ያን ቀን ሁለት ጣሳ በላች። በማግስቱ ደግሞ ትምህርት ሳይጀመር ሦስት ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ እጣቢው ላይ ደረደረች፤ ከዚያ በኋላ አዴ ረዲያ በድንጋዩ ላይ እየተራመደች ትገባ ነበር።

እኔ ከፊት ተነስቼ ጓሮ ሄጄ ከእነሱ ጋር አንድም ቀን አልበላሁም። የከለከለኝ አልነበረም።

በ1976 ጋሽ ዋለልኝ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛወረ። በምትኩ የመጣው አስተማሪ ስለ ማክሰኞ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ ፈተናው ወደ ዓርብ ተመለሰ። አዴ ረዲያ እንደገና ዳይሬክተሩ ዘንድ እንድትሄድ ልጆቹ ለመኗት። «አንድ ጊዜ ሄጄ የበር ቦታዬን አጣሁ» አለቻቸው። «ደግሜ ብሄድ ጓሮውንም አጣለሁ።»

ከዚያ ሰባ ሰባት መጣ። በቆሎና ባቄላ ከገበያ ጠፋ። ድስቷ አነሰ፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ትቀቅል ጀመር፤ በኋላ ስኳር ድንች ብቻ፤ በኋላ እሱም ቀረ። ከቦኬ የመጡት አብዛኞቹ ለጥር እረፍት እንደሄዱ ሳይመለሱ ቀሩ። የዙለይኻ አባት በሬዎቹ አልቀውበት የቤት ኪራይ መክፈል ሲያቅተው ልጁን ሊወስዳት መጣ። አዴ ረዲያ «እኔ ጋ ትሁን» አለችው። የሚበላ አለኝ አላለችም፤ ስለሌላት። ሁለቱ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ያን ዓመት አብረው ተራቡ። የእርዳታ ዱቄት በቀበሌ ሲታደል ዙለይኻ ሰልፍ ትይዛለች፣ አዴ ረዲያ ታገነፋለች። አጸደም ሻይ ቤቷን ለወራት ዘጋች፤ ዱቄትና ስኳር ጠፍቶ ነበር።

ዙለይኻ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አላመጣችም፤ ለጥቂት አለፋት። ሐረር የመምህራን ማሠልጠኛ ገብታ መሰላ ተመደበች። ከመጀመሪያው ደሞዟ ጀምሮ ለአዴ ረዲያ ማሽላ በመኪና ትልክላት ነበር።

እኔ አዴ ረዲያን ሄጄ ያነጋገርኳት በ1983 መጨረሻ ነው። ወታደሩ እየተበተነ በከተማችን ያለፈበት ሰሞን ነበር፤ ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል። እሷ ከአልጋ የምትወርደው ለሶላትና ለደጅ ብቻ ሆኗል። ከነገርኳችሁ ውስጥ በዓይኔ ያላየሁትን ያን ቀን ነው የነገረችኝ፤ አንዱን ጀምራ እየተወች፣ ሌላውን መሐል ላይ እየረሳች። ስለ ባሏ ስጠይቃት «እሱንስ መጠበቅ ተውኩት» አለች። «መቼ እንደተውኩት ግን አላውቅም።» በትምህርት ቤቱ በር ላይ ስለተቀመጠችባቸው ዓመታት ምን እንደሚሰማት ስጠይቃት ጥግ ላይ ወደ ተደፋው ድስቷ አየች።

«ድስት ነው» አለች። «ይሞላል፣ ያልቃል። ነገ ደግሞ ትሞያለሽ ይሉሻል። ማን ይሙላው? አሁን ልተኛ።»

ዙለይኻ ከመሰላ መጥታ እዚያው ነበረች። ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻዋ አለበሰቻትና በእጇ ወደ ውጭ እንድወጣ አመለከተችኝ። ደጁ ላይ ቆምን። ያን ቅያስ፣ ያን ቦምቦሊኖ ስንት ዓመት ተሸክሜው እንደኖርኩ ልነግራት፣ ይቅርታም ልጠይቃት ፈልጌ ነበር።

«አብረን ተምረናል መሰለኝ» አለችኝ ፊቴን እያየች። «የማን ልጅ ነበርክ አንተ?»

የአባቴን ስም ነገርኳት። አሰበች፤ አላስታወሰችኝም። ራሷን በትሕትና ነቀነቀችና አዴ ረዲያ ስትነቃ የምትበላውን ልታዘጋጅ ወደ ቤት ተመለሰች። እኔም ወደ ታች፣ ወደ መንገዱ ወረድኩ።